መጽሐፍ ከማስከፈታቸው በፊት ቤታችንን ላዳመጡልን መምህርት ምስጋና

ልጃችን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የትኩረት ማነስና የንባብ ችግር እንዳለበት በምርመራ ከታወቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን የምጽፈው ላለፉት ስምንት ወራት በሳምንት ሁለት ቀን ቤታችን እየመጡ ያስጠኑትን የልዩ ፍላጎት መምህርት ለማመስገን፣ በእኛ ጭንቀት ውስጥ ላሉ ወላጆችም ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልወደዱ አልጠቅሰውም።

ከእርሳቸው በፊት የነበረው አስጠኚ «ልጁ ሰነፍ ነው፤ ቆጣ በሉት» ብሎን ነበር። እኛም ተቆጣነው። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

መምህርቷ በመጀመሪያው ቀን ጆሮው ተመርምሮ እንደሆነ ጠየቁን፤ አለመመርመሩን ሲሰሙም ሳይመረመር እንደማይጀምሩ ነገሩን። መስማቱ ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ተመልሰው መጡና ሳሎን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ተቀምጠው የሚሰሙትን ሁሉ በማስታወሻቸው ላይ ጻፉ፦ ከኮንዶሚኒየሙ ምድር ላይ ካለው ሱቅ የሚመጣውን የብረት መቁረጫ ጩኸት፣ የታክሲ ረዳቶችን ጥሪ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚሯሯጡትን ልጆች፣ ማንም ሳያየው ቀኑን ሙሉ የሚያወራውን ቴሌቪዥናችንን። እኛ ለምደነው መስማት ትተን ነበር።

እንዳስረዱን ከሆነ፣ አዋቂ ሰው ጫጫታ የዋጠበትን ድምፅ ከሚያውቀው ቃል ተነስቶ ይሞላዋል፤ ፊደልን ከድምፅ ጋር ገና በማገናኘት ላይ ያለ ልጅ ግን የሚሞላበት ስንቅ የለውም፤ ትኩረቱ ቶሎ የሚበተን ሲሆን ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ልጃችን «ጠራ»ን «ተራ»፣ «ጨው»ን «ቸው» ብሎ ሲጽፍ ግዴለሽ ሆኖ ሳይሆን ልዩነቱ ጥርት ብሎ ስላልደረሰው ሊሆን እንደሚችል የገባን ያን ጊዜ ነው። በኋላ ሳነብ፣ አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1975 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ባቡር አጠገቡ በሚያልፍ ትምህርት ቤት ያደረጉትን ጥናት አገኘሁ፤ በሐዲዱ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩት ልጆች ጸጥ ባለው ወገን ከሚማሩት ይልቅ በንባብ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ የባቡሩና የክፍሎቹ ድምፅ እንዲቀንስ ከተደረገ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ።

ጠረጴዛው ወደ ውስጠኛው መኝታ ቤት ገባ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ መስኮቱ ወፍራም መጋረጃ ተደረገለት። እርሳቸውም ፊት ለፊቱ መቀመጥ ትተው ከጎኑ ተጠግተው ያስጠኑት ጀመር።

ይበልጥ ያከበርኳቸው ግን በሌላ ነገር ነው። እንደ ዝናብ ወይም እንደ ቬንትሌተር ያለ ወጥ ድምፅ ትኩረት ለሚያንሳቸው ልጆች ይጠቅማል የሚል ነገር አንብቤ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ይከፈትለት ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቅሙ በአንዳንድ ጥናቶች ቢታይም መጠነኛ መሆኑን፣ የትኩረት ችግር የሌለበትን ልጅ ግን ሊያውክ እንደሚችል ነገሩኝና «በልጅዎ ላይ እንየው» አሉ። ለስድስት ሳምንት ቬንትሌተሩን አንድ ቀን እያስከፈቱ፣ አንድ ቀን እያስዘጉ ስህተቱን ቆጠሩ። ጽሑፍ ሲገለብጥ በቬንትሌተሩ ድምፅ ረዘም ላለ ጊዜ ረግቶ ይቀመጣል፤ ቃለ ጽሕፈት ላይ ግን ስህተቱ ይበዛል። ስለዚህ ለአንዱ ይከፈታል፣ ለሌላው ይዘጋል። ታላቅ እህቱ ድምፁ ስለሚረብሻት ሌላ ክፍል ታጠናለች።

ችግሩ አልጠፋም፤ መምህርቷም ይጠፋል ብለው ቃል አልገቡልንም። ሆኖም ፊደል ሲያይ ያለቅስ የነበረው ልጅ ባለፈው እሑድ አንድ ሙሉ ገጽ ለአያቱ እያቆመ፣ እየመለሰ፣ ማንም ሳይረዳው አንብቧል። ለትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ጽፈውልን ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ከፊት ተቀምጧል።

በአያትና በሲኤምሲ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የጆሮ ምርመራውን ውጤት ይዛችሁ ጠብቋቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነውና።