«ሞተሪኖሽ ሞቷል» ተብዬ የራሴን ሞተሪኖ በ14,500 ብር ገዛሁ

ከጋራዥ ከተመለስኩ አንድ ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሿሿ የሚሠራው ሚኒባስ ውስጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ቪትዜ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳዞር ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ዘበኛችን ጋሼ «ልጆች ልጥራና ትገፋ» አሉ። አውቶማቲክ ተገፍቶ እንደማይነሳ እስካስረዳቸው ድረስ የሥራ ሰዓቴ አለፈ። ሬዲዮው ይዘፍናል፣ የዳሽቦርዱ መብራት በርቷል። እኔም ሬዲዮ ከሠራ ባትሪው ደህና ነው ብዬ ደመደምኩ። የመጀመሪያዋ ፋራነቴ ይቺ ናት። ለሬዲዮ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን በአንዴ ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። ይህን ያወቅኩት ብሬ ካለቀ በኋላ ነው።

ስልክ ደውዬ መካኒኩን አስመጣሁት። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። «እህቴ አታስቢ፣ እኔ እያለሁ» የሚል፣ ዋጋ ከመናገሩ በፊት የሚተነፍስ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ነካካ፣ «እስቲ ሞክሪው» አለኝ። ተነሳች! «ለጊዜው ነው፣ ሞተሪኖው ሞቷል። መንገድ ላይ ጥላሽ ትቆማለች» አለ። በገዛ ነዳጄ እየነዳሁ ጋራዡ ድረስ ተከተልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደው ነው። ጎማ ላይ መቀመጥ፣ ሻይ፣ «አሥር ደቂቃ ብቻ»። በመጨረሻ ጥቁር ቅባት የጠጣ ሞተሪኖ በእጁ ይዞ መጣ። «ካርቦኑ አልቋል፣ ውስጡ ነዷል። አሽትቺው» አለኝ። አሸተትኩት። አዎ፣ የተቃጠለ ይሸታል ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ሞተሪኖ ምን እንደሚሸት መቼ አውቄ!

ያገለገለ የዱባይ፣ ኦርጅናል፣ ከሶማሌ ተራ አስመጣልሻለሁ አለ። ዕቃው 12,000፣ የእጅ 2,500። «ላንቺ ስል ነው።» የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ሁላችንም ያለችንን አሮጌ መኪና እንደ እንቁላል ነው የያዝናት። ይህን እነሱም ያውቃሉ። ሳልከራከር እዚያው ቁጭ ብዬ በሞባይል ላኩለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያብለጨልጭ ሞተሪኖ አሳይቶኝ ገጠመው። «አሮጌውስ?» አልኩት። «ምን ያደርግልሻል፣ ቅባቱ ልብስሽን ያበላሽብሻል» አለኝ። ለልብሴ በማሰቡ ደስ አለኝ እኮ!

ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። አጠገቤ ቆሞ ደንበኛ የሚጠብቅ አንድ ሹፌር ኮፈኑን አስከፈተኝ። ምንም ሳይጠይቀኝ ባትሪው ላይ የታሰረውን የነጌቲቩን ብረት በሁለት ጣቱ ይዞ ዞር አደረገው። እንደ ለስላሳ ክዳን ተሽከረከረ። ሥሩ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ጋግሯል። ከመኪናው 10 ቁጥር ቁልፍና የብርጭቆ ወረቀት አመጣ፣ ፈተገው፣ አጠበቀው። አንዴ ሳዞር ተነሳች። ገንዘብ ብሰጠው እምቢ አለ። ያን ጊዜ ነው ማክሰኞ ጠዋት መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ምን እንደነካካ የገባኝ።

ዛሬ ሄድኩ። መካኒኩ ከአንድ መኪና ሥር ተኝቷል፣ እግሩ ብቻ ይታያል። ረዳቱን ልጅ አገኘሁት። በጣም ልጅ ነው።

«አሮጌውን ሞተሪኖዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«የትኛውን?»

«ማክሰኞ የፈታችሁትን። የቪትዟን።»

«እሱማ መኪናዎት ላይ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። «እኔ ነኝ በቤንዚን አጥቤ ብርማ ቀለም የቀባሁት።»

ምስጋና እየጠበቀ ነበር መሰለኝ።

ዝም አልኩ። ከመኪናው ሥር ያሉት እግሮችም መንቀሳቀስ አቆሙ። መካኒኩ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ሳቀ። «ቀልደኛ ልጅ ነው» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። «መኪናሽ ተነስታልሽ ሄደሽ የለ እንዴ? ደረሰኝ አለሽ?» የለኝም፣ እሱም ያውቃል። ወዲያ ምሳ የሚበላ ጓደኛው «ሴቶች ደግሞ ሲፈልጉ» ብሎ ጉርሻውን ሳይውጥ ሙድ ያዘብኝ። ስንት የምለው ነበር። ተናድጄ ስወጣ ከአፌ የወጣው ግን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ነው። በልማድ! አመሰገንኩት!

እናንተ እንደ እኔ እንዳትሆኑ። መኪናችሁ ቀጭ ቀጭ እያለ የፊት መብራቱ የሚደክም ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውንና ማሰሪያዎቹን እዩ። በእጅ ከዞረ ላልቷል። ዱቄቱ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ ስትፈቱ ከነጌቲቩ ጀምሩ። ጤነኛ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ካደረ በኋላ በቴስተር ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። መብራቱ ሳይደክም አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ያኔ ሞተሪኖውን መጠርጠር ትችላላችሁ። ከመፈታቱ በፊት ፎቶ አንሱት፣ አሮጌውን በፌስታል ይዛችሁ ውጡ። ልብሳችሁ ይቆሽሽ።

ልጁ ግን አሳዘነኝ። ሳይባረር አይቀርም። ቤት ገብቼ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት፣ ቀለሙን እውነት ለመናገር አሳምሮ ነው የቀባው።