የኮፒ ቤቱ ልጅ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ እኔ ብዙ ፖስት የማደርግ ሰው አይደለሁም ግን የፖርትፎሊዮ (የስራዎቼ ስብስብ) ዌብሳይቴን ራሴ እንድሰራ ያስተማረኝን ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ሴሚስተሩ እንዲያልቅ አልፈለኩም። ልደታ ህንፃ ኮሌጅ አርክቴክቸር ነው የምማረው፣ እና የኛን ነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ኢንተርንሺፕ ስትጠይቁ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል "ፖርትፎሊዮሽን ላኪልን" ነው። የኔ ደግሞ 64 ሜጋ የሆነ ፒዲኤፍ ነበር። ጂሜይል ከ25 ሜጋ በላይ አታች አያደርግም፣ ስለዚ ድራይቭ ላይ ጭኜ ሊንኩን ላኩ፣ ላኩና ፐርሚሽኑን መክፈት ረሳሁት። ቢሮው "ፍቀጂልን" ብሎ የላከውን ኢሜይል ያየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ እስከዛ ቦታው ተይዟል።

ዌብሳይት አልነበረሽም ወይ ካላችሁ ነበረኝ። አምና ለአንድ ሰው (ማንነቱን ልተወው) 4,000 ብር ከፍዬ ሰርቶልኝ ነበር፣ ያምር ነበር አልዋሽም። ግን ዶሜይኑ (የሳይቱ አድራሻ) በሱ ስም፣ ሆስቲንጉ (ሳይቱ የሚቀመጥበት) በሱ አካውንት፣ ፓስወርዱ እሱ ጋር። አንድ ፎቶ ለማስቀየር እንኳን "እሺ ነገ" "እሺ ሰኞ" እየተባልኩ ነው የከረምኩት። ዶሜይን በየዓመቱ ይታደሳል፣ ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፣ እኔ ደሞ የዶላር ካርድ ከየት አባቴ ላምጣ፣ ዓመቱ ሞላ እሱም ስልክ ማንሳት አቆመ፣ በቃ ሳይቱ ጠፋ። በየቢሮው በበተንኩት ሲቪ ላይ ያለው ሊንክ እስከዛሬ የትም አይወስድም።

ታዲያ አንድ ቀን ያንን ፒዲኤፍ ፕሪንት ላስደርግ እዛው ልደታ አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት ገባሁ። ፋይሉን ሲከፍተው ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ልጁ ዞር ብሎ "እህቴ፣ ለሰውም እንዲህ ነው የምትልኪው?" አለኝ። ተናድጄ የአምናውን ጉድ ዘረገፍኩለት። እሱም "እኔ ዌብሳይት አልሰራልሽም፣ አንቺ ትሰሪዋለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ" አለ። በ1,500 ብር ተስማማን፣ ሶስት ቅዳሜ ፈጀብን።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር በራሴ ኢሜይል ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት፣ ዌብሳይትም የሚያስነሳ ሳይት) አካውንት ማስከፈት ነው፣ ፓስወርዱን ስፅፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ እኔ ሳቄ መጣ እሱ ግን አልሳቀም። በዩዘርኔሜ ላይ ነጥብ ጊትሀብ ነጥብ አይኦ ጨምረን ሪፖዚተሪ (የፋይሎቹ ማህደር) ከፈትን፣ ኢንዴክስ የሚባለውን የመጀመሪያ ገፅ ፋይል አስገባን፣ ጥቂት ቆይቶ ስሜ ያለበት ገፅ ስልኬ ላይ ወጣ። ነፃ ነው፣ እስከ 1 ጊጋ ድረስ ይበቃል፣ ለተማሪ ከዛ በላይ ምን ያደርግልናል። "ዶሜይኑን ብር ስታገኚ ትገዢያለሽ፣ እስከዛ ግን ቁልፉ አንቺ ጋር ነው" አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ብቻዬን ዶርም ሆኜ ፎቶዎቹን ጫንኩ፣ ላፕቶፔ ላይ ሁሉም አለ፣ ኦንላይን ስከፍተው ግማሹ የለም። ከማታው 4 ሰዓት ላይ እንባዬ እየመጣ ደወልኩለት። "የፎቶው ስም መጨረሻ ላይ ያለው ጄፒጂ በትልቁ ፊደል ነው በትንሹ?" ብቻ ነው ያለኝ። ካሜራዬ በትልቁ ነው የሚፅፈው፣ እኔ ኮዱ ላይ በትንሹ ፅፌዋለሁ፣ ለካ ዊንዶውስ ሁለቱን አይለይም ሰርቨሩ ግን ይለያል። አስር ደቂቃ አልፈጀም።

ሌላው ሬንደር (በኮምፒውተር የተሰራ የህንፃ ምስል) ነው። አንዱ ሬንደሬ 8 ሜጋ ነበር፣ እያንዳንዱን ወደ 300 ኪሎባይት አስወረደኝ። "ሰውዬው ሊንክሽን ታክሲ ውስጥ ሆኖ በዳታ ነው የሚከፍተው፣ እስኪጭን አይጠብቅሽም" ይላል። ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲላክ ፎቶና ርዕስ ይዞ እንዲወጣም አሳየኝ፣ ፎቶውን ስቀይረው አሮጌው አልሄድ ሲለኝ ለካ እዛው ቴሌግራም ላይ ዌብፔጅ ቦት የሚባለው ጋር ሊንኩን መላክ ነው፣ ያድሰዋል።

ግን ከኮዱ በላይ የጠቀመኝ ጭቅጭቁ ነው። 14 ፕሮጀክት ይዤ ሄጄ 5 ብቻ አስቀረልኝ። የግሩፕ ስራ ሲያይ "እዚህ ውስጥ አንቺ የቱን ነሽ?" ይላል፣ ሴክሽኑን (ህንፃው ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበትን ስዕል) እኔ ነኝ የሳልኩት ስለው "እሱን ፃፊዋ!" (ግሩፕ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፣ ዝም ልበል።) እኔ ከላይ ያደረኩት የሚያብረቀርቀውን የሙዚየም ሬንደር ነበር። እሱ ደግሞ ከታች የደበቅኳትን፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የእንጀራ ምጣድ የት ይቀመጣል፣ ጭሱ በየት ይወጣል ብዬ የእናቴንና የጎረቤቶቻችንን ወጥ ቤት እየለካሁ የሳልኳትን ስራ ወደላይ አወጣት። አርክቴክቸር አልተማረም እኮ! "ሙዚየሙን ሁሉም አለው፣ ይሄ ያንቺ ነው" ነው ያለኝ። የቤት አድራሻዬንና የተማሪ መታወቂያዬን ፎቶ ደሞ ወዲያው አስጠፋኝ።

ጉድለቱንም ልናገር፣ አለበለዚያ ዘመዱ ነኝ ትላላችሁ። ይቆጣል። 3 ሰዓት ብሎኝ 4 ተኩል ነው የሚከፍተው። እያስረዳችሁ እያለ "ወንድም ሁለት ገፅ ኮፒ" የሚል ሰው በመጣ ቁጥር ይነሳል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በላፕቶፔና በስልኬ ሆትስፖት ነው የጨረስነው፣ ዳታውም የኔ።

ሊንኩን ለስድስት ቢሮ ላኩ። ሁለቱ መለሱልኝ፣ አንደኛው ቦታ የለንም አለ፣ ሌላኛው ደውሎ ስለዛች ወጥ ቤት ግማሽ ሰዓት ጠየቀኝ፣ ከፈተና በኋላ እጀምራለሁ። ነግሬው "ጎሽ፣ አሁን ከስር ያለውን ፎቶ ቀይሪው፣ ደብዝዟል" አለኝ። ሌላ ምንም።

ወንድሜ፣ ብድር መላሽ ያድርገኝ። "ስሜንና ስልኬን እንዳትለጥፊ" ስላለኝ አልለጠፍኩም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ እሱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። የህንፃ ኮሌጅ ብቻ ሳይሆን ፎቶ የምታነሱም፣ ግራፊክስ የምትሰሩም፣ ኮድ የምትፅፉም ብትሆኑ ያው ነው። ስትሄዱ ስራችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎቶዎቹን ቀድማችሁ ምረጡ፣ ቻርጀር አትርሱ፣ የምዝገባ ሰሞን ግን አትሂዱ፣ የኮፒው ሰልፍ በሩን አልፎ ነው የሚወጣው።