«ኮሄኖችና ኬሊዎች»፦ ከአባወራ እስከ ውሻ የተጣሉ ሁለት ቤተሰቦች

«ኮሄኖችና ኬሊዎች» የአሜሪካው ፊልም ኩባንያ ዩኒቨርሳል እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው፣ ሃሪ ፖላርድ ዳይሬክት ያደረገው ድምፅ አልባ ኮሜዲ ነው። ጠቡ የሚካሄደው ኒው ዮርክ፣ ድሃ ሰፈር ውስጥ ነው። በአንድ በኩል የልብስ ነጋዴው አይሁዳዊ ኮሄን አለ፣ በሌላ በኩል የአየርላንዱ ተወላጅ ፖሊስ ኬሊ። አባቶቹ አይዋደዱም፣ ሚስቶቹ አይዋደዱም፣ ትንንሾቹ ወንዶች ልጆች አይዋደዱም፤ ውሾቹ ሳይቀሩ ባላንጣ ናቸው። የኮሄን ሴት ልጅና የኬሊ ልጅ ግን በድብቅ ተጋብተዋል።

አንዳንድ ኮሜዲ ለብቻ ተቀምጠው ቢያዩትም ያስቃል። ይኼኛው ሰው የተሰበሰበበት ክፍል ይፈልጋል፤ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ሠላሳ ወንበር የሚይዝ አዳራሽ ያለው ሰው ቢያሳየው አይቆጭም። አጭሩና ድብልብሉ ጆርጅ ሲድኒ ኮሄንን፣ ረጅሙ ቻርሊ ማሪ ኬሊን ሆነው ሲፋጠጡ ገና እጅ ሳይነሳ ሳቅ ይመጣል። የስልኩ ጠብ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ሁለት ሰዎች በስልክ ይሰዳደባሉ፣ ተመልካቹ አንድም ድምፅ አይሰማም፣ ንዴቱ ግን እስከ እብደት ሲወጣ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ኮሄን ከዚህ ንዴት የተነሳ ታሞ ለዕረፍት ፍሎሪዳ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው መሐል ክፍል ይጎተታል፤ ሕፃን ተወልዶ ኖሮ «አባቱ ማነው?» የሚለው ግራ መጋባት ዛሬ ብዙም አያስቅም።

ፊልሙን ከፍ የሚያደርገው ውርሱ ነው። (መጨረሻውን ሳይሰማ ማየት የሚፈልግ ይህን አንቀጽ ይዝለለው።) ኮሄን ኑሮ በጨለመበት ሰዓት ጠበቃ መጥቶ ከአያቱ እህት ትልቅ ሀብት እንደደረሰው ይነግረዋል፤ ቤተሰቡ ትልቅ ቤት ገብቶ ታይታ ያበዛል። ልጅቷን ለራሱ አስቦ የነበረው ይኸው ጠበቃ ሐሳቡ ሲከሽፍበት እውነቱን ያወጣል፦ ገንዘቡ በሕግ የኬሊ ነው፣ ሟቿ የእርሱም ዘመድ ናት፤ ነገር ግን ብታካፍለኝ ዝም እላለሁ ይላል። ኮሄን እምቢ ብሎ ይወጣል። ዝናብ እየወረደበት በእግሩ ጠላቱ ቤት ድረስ ይሄዳል፣ እውነቱን ይናገራል፣ አንገቱን ደፍቶ ለመመለስ ይዞራል። እስከዚያ ድረስ ፊልሙ «ገንዘብ ወዳድ አይሁዳዊ» የሚለውን የዘመኑን ያረጀ ሥዕል ተጠቅሟል፣ ይህ መሸፈን የለበትም። ዝናቡ ውስጥ ግን ያንን ሥዕል ራሱ ያፈርሰዋል። የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም፣ የልጅ ልጁም ቢሆን ዋናው ምክንያት አይደለም፤ ኬሊ «እኩል እንካፈል» የሚለው አንድ ሰው እውነት ተናግሮ ስላየ ነው።

ስለ ታሪክ ስርቆት የሚከራከሩ የእኛ ፊልም ጸሐፊዎችም ይህን ፊልም ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ የጻፈችው ድራማ ብሮድዌይ ላይ ከ1922 ጀምሮ 2,327 ጊዜ የታየላት አን ኒኮልስ ዩኒቨርሳልን ታሪኬን ሰረቀ ብላ ከስሳ ነበር። በ1930 ኒው ዮርክ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ለርነድ ሃንድ ፈረዱባት። የአይሁድና የአየርላንድ ቤተሰብ ጠብ፣ የልጆች ጋብቻና እርቅ የማንም የግል ንብረት አይደለም አሉ። በእርሷ ድራማ ጠቡ የሃይማኖት ነው፤ እዚህ ግን ሃይማኖት ቦታ የለውም።

ለማሳየት ለተነሳ ሰው፣ መጀመሪያ የሚበላሸው ፍጥነቱ ነው። በዚያ ዘመን በሰከንድ የሚያልፈው ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቁጥር አንድ ወጥ አልነበረም፤ በ18 ፍሬም 80 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም በ24 ሲነዳ በ60 ደቂቃ ያልቃል። ሰዎቹ ሲራመዱ የሚሮጡ ከመሰሉ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ፍጥነቱን መጀመሪያ ከ1 ወደ 0.9 ዝቅ ማድረግ፣ ካልበቃም ቀስ በቀስ መቀነስ ነው፤ ከመጠን በላይ ከወረደ ድብድቡ ይሞታል። ሁለተኛው ጥፋት ምስሉን መለጠጥ ነው። ፊልሙ 4 ለ 3 ነው። ስክሪኑን ለመሙላት ወደ 16 ለ 9 ከተዘረጋ ፊት ሁሉ በሲሶ ይሰፋል፣ ረጅሙ ማሪም ይወፍራል፣ የአጭርና የረጅሙ ቀልድ አበቃለት። ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሁን። 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ቁመቱ 1.5 ሜትር ነው፤ በ16 ለ 9 ፕሮጀክተር ይህን ለማግኘት ብርሃኑ ወደ 2.7 ሜትር መስፋት አለበት። መብራት ቢጠፋ የጋለ አምፖል ማራገቢያው ቆሞበት እንዳይጎዳ ፕሮጀክተሩን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) በኩል መሰካት ያስፈልጋል።

በምስሎቹ መካከል ንግግሩን የሚያሳዩት የጽሑፍ ካርዶች እንግሊዝኛ ናቸው። ከግርጌ ትርጉም ይልቅ ለታዳሚው በአማርኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው መመደብ ይሻላል። ካርዶቹን በቅድሚያ በቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አማርኛው ካርዱ ከመሄዱ በፊት እንዲያልቅ አሳጥሮ፣ ፊት ሲመጣ ዝም ማለት ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን «ሰይጣን ቤት» የተባለ የጥንት ሲኒማ ቤት ስሙን የሰማ ሁሉ ከተማው ከሲኒማ ጋር የተዋወቀው በድምፅ አልባ ምስል እንደነበር ያውቃል። አንባቢው ፈጽሞ ማድረግ የሌለበት አንድ ነገር አለ፦ ለኮሄን ወይም ለኬሊ የአገራችንን ብሔር አነጋገር መስጠት። በኒው ዮርክ ሁለት ስደተኞች መካከል የነበረው ቀልድ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ላይ ስድብ ሆኖ ያርፋል። ንጹሕ የአዲስ አበባ አማርኛ፣ አባቶቹ «አንተ» እየተባባሉ፣ ይበቃል።

ለሙዚቃ ክራርና ማሲንቆ ይመቻሉ። የሠርግ ዘፈን ግን አይግባ፤ ጋብቻው ድብቅ ነው፣ ምስጢሩን ያወጣዋል። ዝናቡ ላይ እጅ ወደ ትዝታ ይሄዳል፤ ትዝታ ግን ናፍቆት ነው፣ ሰውየው ደግሞ የሚሄደው አፍሮ ነው። ማሲንቆ ብቻውን በዝግታ ይጫወት፣ የኬሊ በር ሲከፈት ይቁም።

እርቁ እንደታየ መብራት የሚያበራ ሰው ይከለከል። ሁለቱ አባቶች ጠጥተው ገና ይከራከራሉ፤ በጋራ ለሚከፍቱት ድርጅት ስም ላይ ኮሄን «የእኔ ይቅደም» እያለ ነው።