የዙሪያ እግር ጉዞ፦ ከደብረ ብርሃን ዳር ወይስ ከአንኮበር?

ሁለቱም ዞረው መነሻዎ ላይ ይመልሱዎታል። የሚመሳሰሉት በዚህ ብቻ ነው።

ወጪ፦ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከአውቶቡስ ወርደው በእግርዎ ከከተማው ይወጣሉ። ለአንኮበር ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምሩ፤ ምናልባትም የአዳር ሒሳብ።

ድካም፦ ከደብረ ብርሃን ዳር በበሬሳ ወንዝ በኩል ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል ልጅም ሽማግሌም ይሄድበታል። ከፍታው ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹን ይቆጥብ። በየደጁ የተከመረውን ኩበት ቀረብ ብለው ይዩት፦ የጠፍጣፊዋ አምስት ጣት እንደ ማኅተም ታትሞበታል። አንኮበር ዳገትና ቁልቁለት ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ ሲወጡ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ አናቱ ላይ ግን ምድር በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ቆላ ተንዳ ትታያለች። ለእኔ ድካሙን ይክሳል።

ስጋት፦ በክረምት የሜዳው ጥቁር አፈር አይለቅም፤ አንድ ነሐሴ ጫማዬን ትቼለት በካልሲ ወጥቻለሁ። ለእረኛ ውሻ ዱላ አይጥፋ። አንኮበር ላይ አስቸጋሪው ጉም ነው፤ መንገዱን ከእግር ሥር ይሰውራል። ለሁለቱም ስለ ጸጥታው የአገሩን ሰው አስቀድመው ይጠይቁ።

ልጆች ይዘው ግማሽ ቀን ብቻ ካለዎት፣ በተለይ በጥቅምት፣ ሜዳው ይሻላል። ጠንካራ ጉልበትና ሁለት ቀን ያለው፣ ጭላዳና በአንኮበር ስም የተጠራችውን ትንሽ ወፍ መፈለግ የሚወድ ሰው ወደ አንኮበር ይውጣ። ጋቢ ለሁለቱም ያስፈልጋል።