የቱሉ ዲምቱውን የጂፒኤስ ባለሙያ አመስግኑልኝ፤ ሐይቅ ላይ ጀልባ የምታንቀሳቅሱ ደግሞ ሂዱለት

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰማያዊ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ከውጭ ለሚያየው ተራ የሞባይል ጥገና ቤት ነው፤ ቻርጀር፣ ከቨር፣ የተሰነጠቀ ስክሪን። ጂፒኤስ፣ ማለትም ያለንበትን ቦታ ከሳተላይት የሚለየው መሣሪያ፣ አሠራሩ የሚገባው ሰው እዚያ ተቀምጧል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔ ግን ከእግዚአብሔር በታች ወንድም ጋሼ በሰላም ገብቶ የሚያድረው በዚህ ልጅ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በአደባባይ ላመሰግነው ይገባል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ስሙን ትቼዋለሁ፤ ሥራውን ግን አልተወውም።

ወንድም ጋሼ ባቱ ከተማ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ አለው። ወደ ቱሉ ጉዶና ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ሰው ያመላልሳል፤ ለኅዳር ጽዮን ደግሞ ተሳላሚው ብዙ ነው። ዝዋይ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ነው ይባላል። ይህን የሰማ ሰው አያስፈራም ይል ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ያየ ግን እንደዚያ አይልም፤ ማዕበሉ አጫጭር ነው፣ ይደራረባል፣ ፋታ አይሰጥም። በዚያ ላይ ከመሸ የከተማው መብራት ቢታይም ማረፊያው የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም።

ለዚህ ነው የአጎታችን ልጅ ከአሜሪካ ጋርሚን የሚባለውን የእጅ ጂፒኤስ የላከለት። የማረፊያውን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም የቦታውን መለያ ቁጥር፣ አንድ የሚያውቀው ሰው ከድሮ ካርታ ላይ አንብቦ በወረቀት ጽፎ ሰጠው፣ እሱም አስገባው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ሁልጊዜ ከማረፊያው አለፍ አድርጎ ወደ ደንገሉ ይመራዋል። ቀን ከሆነ ዓይኑ ይመልሰዋል። አንድ ምሽት ግን ሰው ጭኖ ሲመለስ የሞተሩ ፕሮፔለር ደንገሉ ውስጥ ተጠላልፎ ቀጥ አለ። ዝዋይ ጉማሬ እንዳለው የምታውቁ ታውቃላችሁ። እናቶች እግዚኦ ሲሉ፣ ሕፃናት ሲያለቅሱ፣ በመቅዘፊያ እየገፉ ወጡ። ወንድም ጋሼ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ የሚደነግጥ ሰው አይደለም።

መሣሪያውን ይዤ መሀል ከተማ ወጣሁ። ያየሁትን ማንም አይይ። አንዱ ሱቅ ገና ሳይከፍተው «የሳተላይት ዓመታዊ ክፍያ አልተከፈለም» ብሎ ብር ጠየቀኝ። የጂፒኤስ ሲግናል ለማንም ነፃ ነው! ክፍያ የለውም፣ ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ዳታም አይፈልግም። ሌላው ደግሞ «ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ» አለኝ፤ የሚሸጠው አዲስ ዕቃ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር። ሌላ ቦታ ስንት ጊዜ አመላልሰውኝ ሲመልሱልኝ ወንድም ጋሼ ለዓመታት የመዘገባቸው ቦታዎች በሙሉ ጠፍተዋል። «ሪሴት አድርገነዋል» አሉኝ፤ የአገልግሎትም አስከፈሉኝ። ሰው በነፍሱ የሚታመንበት ዕቃ መሆኑን ስነግራቸው አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የኮንቴይነሩን ልጅ የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ወንድም ጋሼን ከባቱ አስመጥቼ አብረን ሄድን። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? መሣሪያውን አልነካም። ለወንድም ጋሼ ወንበር ሰጠውና «ጋሼ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለ። እስኪጨርስ አላቋረጠውም። ከዚያ «ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት አለ?» አለ። ወንድም ጋሼ ከመታወቂያው መሀል የታጠፈች ወረቀት አወጣ። ልጁ አየት አደረጋትና «ይሄ ከየትኛው ካርታ ነው የተነበበው? ከድሮው ነው አይደል?» ሲል እኛ ተያየን።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ አዲንዳን ከሚባል ቦታ በተነሣ ልኬት ነው፤ ጂፒኤሱ ደግሞ በሌላ ልኬት ነው የሚሠራው። የአንዱን ቁጥር ለሌላው ሲሰጡት ቦታው 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋል። ዝርዝሩን እሱ ያስረዳችሁ። መሣሪያው ደህና ነበር! ስንቱ ባለሱቅ ያላየውን ይህ ልጅ ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ አየው።

እዚያው አስተካክሎ ሊሸኘን ይችል ነበር። እሱ ግን «የማረፊያ ቦታ ከወረቀት አይወሰድም፣ እዚያው ተቁሞ ነው የሚመዘገበው» አለና እሑድ ሱቁን ዘግቶ ባቱ ድረስ ወረደ። ልብ በሉ፣ ዋና አይችልም። ላይፍ ጃኬቱን ደረቱ ላይ ደጋግሞ እያጠበቀ ጀልባው ላይ ወጣ። ማረፊያው ላይ ቆሞ ሲግናሉ እስኪረጋ ጠበቀ፤ መሣሪያው ቦታውን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ማየት አለበት። ከዚያ የደሴቶቹን ሰዎች፣ የዛይ ዓሣ አጥማጆችን፣ መረብ የሚዘረጋው የት እንደሆነ፣ ውኃው የቱ ጋ እንደሚያንስ አንድ በአንድ ጠየቀ። እነሱ ባሉት መንገድ በጠራራ ፀሐይ እየሄዱ ትራኩን፣ ማለትም የሄዱበትን መስመር፣ መሣሪያው ላይ መዘገበ፤ ወንድም ጋሼ ሲመሽበት ያንኑ መስመር ተከትሎ እንዲመለስ። «ጋሼ፣ ቀጥታ ወደ ማረፊያው ውሰደኝ ካሉት ደሴትም ደንገልም ቢኖር መሀሉን አቋርጦ መስመር ያሰምርልዎታል። የት እንዳሉ ያውቃል እንጂ ፊትዎ ያለውን አያይም፤ መረብ፣ ጉማሬ፣ ግንድ አያይም» ሲለው ወንድም ጋሼ እንደ ተማሪ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር። ስልኩ ላይም ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አውርዶ ጫነለት፤ ፓወር ባንኩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠው። የስልክ ስክሪን ውኃ ሲነካው ጣት እንደማይሰማ አስታውሶ የእጅ መሣሪያውን ዋና፣ ስልኩን መጠባበቂያ እንዲያደርግ መከረው። የሐይቁ ውኃ ሲጎድልና ሲሞላ ዳርቻው ስለሚቀያየር ካርታው ላይ የተሣለውን ዳር እንዳያምን፣ ነፋስ ካለ ደግሞ መሣሪያ አለኝ ብሎ እንዳይነሣ ነግሮታል።

ማታ ሂሳብ ስንጠይቀው የተቀበለው የጥገናውን ብቻ ነው። የትራንስፖርቱን እንኳ ኪሱ ውስጥ የከተትነው በግድ ነው። ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ ደግሞ አመሻሽ ላይ ስልኬ ጠራ፤ እሱ ነው። «ጋሼ ገቡ?» አለኝ። ገብተዋል፣ ልክ ማረፊያው ላይ ነው ያቆሙት አልኩት። የወለድኩት ልጅ ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ያደርግልኛል? ተባረክ፣ እደግ፣ የእጅህን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክልህ።

እባካችሁ፣ ባቱም ሆነ ላንጋኖ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ቢሾፍቱ ጀልባ ያላችሁ፣ ማኅበር ይዛችሁ ደሴት የምትሳለሙ፣ መሣሪያችሁን ለዚህ ልጅ አሳዩ። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱለት። የሳተላይት ክፍያ ክፈሉ ከሚላችሁ ሰው ዕቃችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ስትሄዱ ቦታዎቹን የጻፋችሁበትን ወረቀት ሁሉ ያዙ፣ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ኮንቴይነሩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ስልኩን ለምትፈልጉ እሱን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።