ለአሮጌው ፔጆ ኮርሳዬ ያስገጠምኩት ፍሬን፦ ቴክትሮ አር559

ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ በሳይክል የወረደ ሰው ፍሬን ቀልድ እንዳልሆነ ያውቀዋል። እኔ ባለፈው ክረምት የወረድኩት ደግሞ በዝናብ፣ ያውም በ70ዎቹ ፔጆ ኮርሳ፣ ማለትም የእሽቅድምድም ሳይክል ነው። (ፔጆ ሲባል መኪና ብቻ ለሚታያችሁ፦ ሳይክል የጀመሩት በ1882 እ.ኤ.አ. ነው፣ መኪናው በኋላ ነው የመጣው።) ሁለቱንም እጀታ ጥርሴን ነክሼ ጨመቅኩ፣ ሳይክሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አስፋልቱን በጫማዬ እየፋቅኩ ነው ያቆምኩት። እኔ ተርፌያለሁ፣ ጫማው አልተረፈም።

በማግስቱ ሮጬ ፍሬን ገዛሁ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው፣ ይገባል» አለኝ፣ አመንኩት። ቤት ወስጄ ስገጥመው ክንዱ አጠረና የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ትቶ የሳይክሉን ጎማ ይልሳል። ለካ የዘመኑ የኮርሳ ፍሬን ብዙውን ጊዜ ከ39 እስከ 49 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚደርሰው። የድሮዎቹ ሳይክሎች ግን ወፍራም ጎማና ጭቃ መከላከያ እንዲያስገቡ ተብለው ስለተሠሩ ክፍተታቸው ሰፊ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማስመሪያ አውጡ። ፍሬኑ ከሚታሰርበት ቀዳዳ መሃል ጀምራችሁ፣ ቸርኬው ላይ የፍሬኑ ጎማ የሚያርፍበት ቦታ ድረስ ለኩ። የፊቱንም የኋላውንም፣ አንድ አይደሉም። የኔ ከፊት 58፣ ከኋላ 63 ወጣ።

ቴክትሮ አር559 የተባለውን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከ55 እስከ 73 ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ አስያዝኩት። ሁለቱንም የፊት ብዬ ነው ያዘዝኩት፣ ምክንያት አለኝ። አዲሶቹ ፍሬኖች ዳዷቸው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የሚደበቅ ነው፣ 8 ሚሊ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የድሮው ሳይክል ቀዳዳ ደግሞ 6 ነው። የፊት ፍሬን ብሎኑ ረጅም ስለሆነ ለኋላው ጎማ ሲሆን በሮንዴላና በተራ ዳዶ ይታሰራል፣ ምንም መብሳት የለም። ለፊቱ ግን መካኒኬ ጋሼ የፎርኬታውን (የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ) የጀርባ ቀዳዳ ብቻ በትራፓኖ አሰፉት። ፊት ለፊቱ እንዳይነካ! ለመብሳት የሚፈራ ሰው በተራ ዳዶ የሚታሰረውን ዓይነት ለይቶ ይጠይቅ፣ እሱም አለ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በደረቅ መንገድ ፍሬኑ ግሩም ነው፣ በሁለት ጣት ያቆማል። እጀታውን አልቀየርኩም፣ ካቦውን ብቻ ነው ያደስኩት። ጎማ ለማውለቅ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ክንዱ ረጅም ስለሆነ ግን አጥብቃችሁ ስትይዙ ትንሽ ይለጠጣል፣ በዓይን ይታያል። አብሮት የመጣው የፍሬን ጎማም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በዝናብስ? ያው ነበር! በጣም ነው የተናደድኩት። ጋሼ ምንም ሳይሉ ከመሳቢያቸው ማግኔት አወጡና ቸርኬው ላይ ለጠፉት። ጥብቅ። «ይሄ እኮ ብረት ነው ልጄ፣ ኒኬል የተቀባ መስታወት ነው፣ ውሃ ካገኘ ምን ይይዝልሃል?» አሉኝ። እኔ እኮ ያንን አንጸባራቂ ቸርኬ አይቼ ነው ሳይክሉን የገዛሁት።

አሉሚኒየም ቸርኬ ፈልገን አገኘን፣ ለሽቦዎቹ 36 ቀዳዳ ያለው፣ ከድሮው የጎማ ማዕከል ጋር እንዲገጥም። የድሮው 27 ኢንች የሚባለው ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 630 ሚሊ ነው፣ የዛሬው 700 የሚሉት ደግሞ 622። ስለዚህ ቸርኬው በየጎኑ 4 ሚሊ ዝቅ አለ፣ ልኬቴም 62 እና 67 ሆነ። አር559 እዚህ ላይ አላሳፈረኝም። ቸርኬ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ፍሬኑን የምትገዙት በአዲሱ ልኬት ነው እንግዲህ፣ አለበለዚያ ሁለቴ ትገዛላችሁ። እኔ መጀመሪያ ሳልለካ ሁለቴ ገዝቻለሁ።

የፍሬኑን ጎማ ደግሞ «ኩል-ስቶፕ» በሚባለው ቀየርኩት፣ ያ ብርቱካን መሳይ ቀለም ያለው። ለዝናብ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ከሁሉም በርካሽ ያገኘሁት ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። ሲታሰር የፊቱ ጫፍ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ከኋላው ጫፍ ስር የታጠፈ ካርቶን አድርጉ፣ ካልሆነ ጩኸቱ ሰፈር ያስነሳል።

እውነቱን ልናገር፣ ድጋሚ ብጀምር መጀመሪያ ቸርኬውንና የፍሬን ጎማውን ቀይሬ፣ ሳይክሉ ይዞት የመጣውን የፈረንሳዩን ማፋክ ፍሬን እሞክረው ነበር። ክንዱ ረጅም ነው፣ ጥፋትም አልነበረበትም ይሆናል። አሁን ዘይት ተቀብቶ ካርቶን ውስጥ አልጋ ስር ነው። ጋሼ ሽጥልኝ ብለውኛል። አልሸጥም።