ደልታን አትግዙ ያለችን የማውኗ ሴት

ይህን ጽሁፍ ያስጻፈችኝ እማዬ ናት። አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ በደወለች ቁጥር «ያቺን ልጅ አመሰገንሻት ወይ?» ትላለች። አመስግኛታለሁ፣ ግን ሰው ፊት አይደለም። ይኸው እንግዲህ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጆሃንስበርግ ነው። እማዬ ነሐሴ ላይ ልትጠይቀን ስትመጣ ሳፋሪ እንውሰዳት ተባባልን። እሷ 71 ዓመቷ ነው፣ ልጃችን ደግሞ 7። እኔ በልቤ የቆረጥኩት ቦትስዋና፣ ኦካቫንጎ ደልታ ነበር፤ ወንዙ ሜዳ ላይ ተበትኖ ረግረግ የሚሆንበት ቦታ ነው። ደልታው ላይ ቂም አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ሻጭ በየካቲት ልኮን፣ ሣሩ ከመኪናው እኩል ሆኖ የአጋዘን ጆሮ አይተን ተመልሰናል። ጎርፉም ገና አልደረሰም ነበር። ለካ የደልታው ውሃ አንጎላ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ነው፣ ወራት ተጉዞ የሚሞላው እዚያ በጋው ሲደርቅ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ይህን ማንም አልነገረን።

በዚህኛው ዙር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የማውን ሴት ስልክ ሰጠችኝ። ማውን የደልታው መግቢያ ከተማ ናት። ሴትየዋ ብቻዋን ነው የምትሠራው። ካምፕ ትመርጣለች፣ በረራ ታያይዛለች።

ስደውልላት ዋጋ የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ጥያቄ ጀመረች። እናትሽ ደረጃ ይወጣሉ? ልጁ ዝም ብሎ ስንት ሰዓት ይቀመጣል? ማታ ይፈራል? ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ ግን የእማዬን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ያንን ካርድ መያዝ አለበት፣ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወጋት አለበት። እኔ ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ከዚያ «ደልታን ለዚህ ጉዞ አትግዙ» አለችኝ። እንጀራዋ ደልታን መሸጥ የሆነ ሰው ናት እንግዲህ ይህን የምትለው!

ምክንያቷን ዘረዘረችልኝ። ሞኮሮ የሚባለው ጠባብ ጀልባ ላይ የሚቀመጡት ከውሃው እኩል፣ እግር ዘርግቶ ነው። የእማዬ ጉልበት ገብቶ መውጣቱን አይችለውም። ወደ ካምፖቹ የሚወስዱት ትናንሽ አውሮፕላኖች ለአንድ ሰው 20 ኪሎ ገደማ ብቻ፣ ያውም በለስላሳ ቦርሳ ነው የሚፈቅዱት። የእማዬ ሽሮና በርበሬ ብቻውን ስንት ኪሎ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ ካምፖች አጥር የላቸውም፣ ትንሽ ልጅ የማይቀበሉም አሉ። ደግሞ ውሃ የከበበው ካምፕ ለዓይን ያምራል እንጂ መኪና የሚሄድበት መሬት ትንሽ ነው። አንበሳ አንበሳ ለሚል ልጅ አይሆንም።

በምትኩ ሦስት ሌሊት ማዲክዌ፣ ሁለት ሌሊት ደግሞ ቾቤ ወንዝ ዳር ባለችው የቦትስዋና ከተማ በካሳኔ እደሩ አለች።

ማዲክዌ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ቦትስዋና ድንበር ላይ ያለ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ነው። ከጆሃንስበርግ በመኪና አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። ወባ የለበትም። ድሮ የደከመ የከብት እርሻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ከ8,000 በላይ እንስሳት ከየቦታው ተጭነው መጥተው ነው ዱር የሆነው። ጋይዱ አንበሳ ካየ ከመንገድ ወጥቶ ይጠጋል፣ ከመሸም በኋላ በባትሪ መብራት እያበራ ይነዳል። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ በኪራይ መኪና የሚነዳ ሰው ይህ አይፈቀድለትም። የካምፕ ዋጋ ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ።

ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናው ክፍት ነው። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ፣ የሞቀ ውሃ ላስቲክ አቅፋ አንበሶቹን ስትገላምጥ ፎቶ አንስቻታለሁ፣ ግን አትለጥፊ ብላኛለች። ማታ ጅብ ሲያሳዩን ደግሞ «ለጅብማ ከሰፈሬ ለምን አስነሳችሁኝ?» አለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የማውኗ ሴት ይህን ስትሰማ ካምፑ ድረስ ደውላ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊትም ምንም አይቀርብላቸውም ብላ አስመዘገበች። ሳፋሪ ካምፕ እንግዳው ለከሰዓት በኋላው ጉብኝት ከመውጣቱ በፊት ዘጠኝ ተኩል ላይ ሻይ ያቀርባል። የእማዬን ምሳ እዚያ ላይ አስገባችው፣ ምስርና አትክልት በትልቅ ሳህን። እኔ ልጇ ያላሰብኩትን!

ካሳኔ በአውሮፕላን ሄድን። እዚያ የወባ አገር ስለሆነ ክኒኑን ሐኪም አማክረን ወሰድን። ቾቤ ወንዝ ላይ ጀልባው ወንበር አለው፣ ጉልበት አይጠይቅም። የፀሐይ መጥለቂያዋን ጀልባ ተዉት፣ ሁሉም ያኔ ነው የሚወጣው፣ እናንተ ስምንት ሰዓት ላይ በትንሽ ጀልባ ውጡ ብላን ነበር። ዝሆኖቹ ኩንቢያቸውን ወደ ላይ ቀስረው ወደ ሴዱዱ ደሴት ሲዋኙ ከእኛ ሌላ አንድ ጀልባ ብቻ ነበር። ጋይዱ ቦትስዋናና ናሚቢያ በዚህች ደሴት ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1999 ለቦትስዋና እንደተፈረደ ነገረን። እማዬ ሣሩን አየት አድርጋ «ለዚች?» አለች። በማግስቱ ጠዋት የመኪናው ጉብኝት ግን ግርግር ነበር፣ አንድ አንበሳ ላይ መኪና ተደርድሮ ሚኒባስ ተራ መስሎ ነበር። ያንንም ቀድማ አስጠንቅቃናለች።

ካሳኔ ለራሷ ጉዳይ መጥታ ስለነበር አየር ማረፊያ አገኘችን። እማዬን ሁለት እጇን ይዛ «ዱሜላ ማ» አለቻት። በቦትስዋና ቋንቋ፣ በሴትስዋና፣ ለሴት የሚሰጥ የአክብሮት ሰላምታ ነው። እማዬ ግን የሰማችው «እማ» ነው። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ልጄ» ሆኗል።

ቅር ያለኝን ካልደበቅኩ፣ መልስ ታዘገያለች። ጫካ ከገባች ሁለት ቀን ኔትወርክ የላትም። የምትቸኩሉ ከሆነ ያናድዳል።

ብቻዋን ስለሆነች ስሟንና ስልኳን እንዳልለጥፍ ለምናኛለች። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ቀድሞ ስለሚያዝ ከአሁኑ ጠይቋት። ስትደውሉ የእማዬን ሰላምታ አድርሱልኝ፣ ጉልበቷም ደህና ነው በሏት፣ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች።